የተረገጠ መሬት፦ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የደደረ አፈርን ስለ ማናፈስ

ክረምት በገባ ቁጥር በየአጥቢያው ችግኝ ይተከላል። ሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ይመድባል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ ካህናት ይባርካሉ። በጋው ሲጋመስ ግን ከተተከለው ብዙው ደርቆ ይገኛል። ምክንያቱ ሲጠየቅ አንዱ ውሃ አጥቶ ነው ይላል፤ ሌላው ፍየል በልቶት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ችግኙ ከመነሻው ደካማ ነበር ይላል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የማይጠየቅ አራተኛ ምክንያት ግን አለ፤ እርሱም መሬቱ ራሱ ነው። ለብዙ ዘመን ተረግጦ የደደረ አፈር ውሃ ቢያገኝ አያሳልፍም፤ ችግኝ ቢቀበል አያሳድግም፤ ከእኛ በፊት የነበሩ አባቶች የተከሉትን ጥድና ወይራም ቀስ በቀስ ትንፋሽ ያሳጣዋል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 8 በተጻፈው የዘሪው ምሳሌ በመንገድ ዳር የወደቀው ዘር እንደ ተረገጠ እናነባለን። ዘሪው ያው ነው፤ ዘሩም ያው ነው፤ የተለየው መሬቱ ነው። የምሳሌው ምሥጢር መንፈሳዊ ቢሆንም የተመሠረተበት እውነት ግን ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በዚህ ትምህርት አፈር እንዴት እንደሚደድር፣ መደደሩን በምን እንደምናውቅ፣ እንዴት እንደምናናፍሰውና የተናፈሰውን እንዴት እንደምንጠብቀው በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. አፈር እንዴት ይተነፍሳል?

ለም አፈር ስንመለከተው አንድ ወጥ ጠጣር ነገር ይመስለናል። እንዲህ ግን አይደለም። ከጥሩ የላይኛው አፈር ጠጣር የሆነው ክፍል ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፤ 45 በመቶ ገደማ ከድንጋይ የተፈጨ ማዕድን፣ እስከ 5 በመቶ የሚደርሰው ደግሞ የበሰበሰ የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪት ነው። የቀረው 50 በመቶ ክፍተት ነው። ከክፍተቱ ግማሽ ያህሉን ውሃ፣ ግማሽ ያህሉን አየር ሲይዘው ለተክል እጅግ የተመቸ ይሆናል።

ሥር ሕይወት ያለው የተክል ክፍል እንደ መሆኑ መጠን ይተነፍሳል። ኦክስጅን ይስባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ይህ ልውውጥ የሚፈጸመው በሰፋፊዎቹ የአፈር ክፍተቶች በኩል ነው። ጠባቦቹ ክፍተቶች ውሃን ይዘው ያቆያሉ፤ ሰፋፊዎቹ ግን ዝናቡን ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ አየሩንም ያመላልሳሉ። አፈር ሲረገጥ አስቀድመው የሚደፈኑት እነዚህ ሰፋፊዎቹ ናቸው። ስለዚህ የደደረ አፈር ጥቂት እርጥበት ይዞ ሳለ እንኳ ተክሉ ሊታፈን ይችላል። በአፈሩ ውስጥ ያለው አየር ከጠቅላላው ይዘት ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ የአብዛኛው ተክል ሥር እድገት መዳከም ይጀምራል።

የመደደሩን መጠን በክብደትም መረዳት ይቻላል። ሸክላማ አፈር በደረቅነቱ ሲመዘን ለሥር የሚመቸው በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ከ1.1 ግራም ሳይበልጥ ነው። ወደ 1.5 ግራም ሲጠጋ ሥር ሰብሮ ለመግባት ይቸገራል። አሸዋማ አፈር ግን እስከ 1.8 ግራም ድረስ ሊታገሥ ይችላል። ይህም ማለት ሸክላማ አፈር ያላቸው አጥቢያዎች ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባቸዋል ማለት ነው።

ገበሬ የሆኑ ካህናትና ምእመናን ይህን ከእርሻቸው ያውቁታል። ማረሻ በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ሲያልፍ ከሥሩ የጠነከረ ንጣፍ ይፈጠራል፤ ሰብሉም ሥሩን ወደ ታች መስደድ ተስኖት ዝናብ ሲቋረጥ ፈጥኖ ይጠወልጋል። በዐጸዱ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በዐጸዱ የሚደድረው ከላይ ጀምሮ መሆኑ ነው።

2. የዐጸዱን አፈር የሚያደድረው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው የሰው እግር ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ዑደት የሚደረግበት፣ በዐውደ ምሕረቱ ሕዝብ የሚቆምበት፣ ከበሩ እስከ ደጀ ሰላሙ የሚመላለስበት ስፍራ ሁሉ ይረገጣል። ይህ የሚያሳዝን ነገር አይደለም፤ ሕዝብ የማይረግጠው ዐጸድ ምን ዐጸድ ነው? ልናስተውለው የሚገባን ግን ጊዜውን ነው። ደረቅ አፈር ጫናን ይቋቋማል፤ እርጥብ አፈር ግን እንደ ጭቃ ይታመቃል። ጥምቀት በጥር መከበሩ ለመሬቱ ዕረፍት ነው፤ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ብዙ ሺህ ሰው ቢቆምበትም ጉዳቱ ያነሰ ነው። በአንጻሩ የሐምሌ ክብረ በዓላትና ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚቆየው ጾመ ፍልሰታ ዝናቡ ከሚበረታበት ወቅት ጋር ይገጣጠማሉ። በፍልሰታ ሕዝቡ በየቀኑ ይመጣል፤ መሬቱም በየቀኑ እርጥብ ነው። በእነዚህ 15 ቀናት የሚደርሰው መታመቅ የበጋውን ወራት ሁሉ ሊያህል፣ ሊበልጥም ይችላል። በልቅ አፈር ላይ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሱት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ረገጣዎች ናቸውና፣ በአንድ መንገድ ሺህ ጊዜ መመላለስ በየአቅጣጫው ጥቂት ጥቂት ከመርገጥ ይሻላል።

ሁለተኛው ከብት ነው። የከብት ሰኮና ጠባብ ስለሆነ መላ ክብደቱን በትንሽ ስፍራ ላይ ያሳርፋል፤ ከሰው እግር ይልቅም ይበረታል። በዚያ ላይ የበቀለውን ይግጣል። በደቡብ ጎንደር በሚገኙ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የተደረጉ ጥናቶች ከብት እንዳይገባ በተከለለ ስፍራ የዛፍ ዘሮች በተሻለ ሁኔታ እንደሚበቅሉና ችግኞችም እንደሚተርፉ አሳይተዋል። በዚያው አካባቢ አጥቢያዎች በደኖቻቸው ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካባቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው የግንባታ ሥራ ነው። አዲስ ሕንጻ ሲሠራ አሸዋ፣ ጠጠርና ገረጋንቲ የጫኑ ከባድ መኪናዎች በዛፎቹ መካከል ይመላለሳሉ። ከባድ መኪና በእርጥብ መሬት ላይ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ጉዳቱ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይሄዳል፤ በእጅ በሚሠራ ሥራም በቀላሉ አይመለስም። ሕንጻው ተመርቆ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ዛፉ ከጫፉ መድረቅ ሲጀምር ምክንያቱን የሚያስታውስ አይኖርም።

አራተኛው ከመልካም ልማድ የሚመጣ ነው። ግቢውን ንጹሕ ለማድረግ ቅጠሉን ሁሉ ጠርጎ ማቃጠል በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። የወደቀ ቅጠል ግን የመሬት ልብስ ነው። ልብሱ ሲገፈፍ የዝናቡ ጠብታ ባዶውን አፈር እየደበደበ ፊቱን ያደድረዋል፤ አፈሩን ከውስጥ የሚያላላው የምድር ትልም ምግብ አጥቶ ይጠፋል። የሚጠረገው መንገዱና ዐውደ ምሕረቱ ይሁን፤ ከዛፍ ሥር ያለው ቅጠል ግን ይቆይ።

3. መደደሩን በምን እናውቃለን?

ባለሙያ ሳንጠብቅ ልናደርጋቸው የምንችላቸው ሦስት መፈተኛዎች አሉ። ሦስቱም ዝናብ ከዘነበ ከሁለት ቀን በኋላ፣ አፈሩ እርጥበት ይዞ ጭቃነቱ ሲያልፍ ቢደረጉ ይመረጣል። በሁሉም ሁለት ስፍራዎችን ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ አንዱ የሚረገጥ፣ ሌላው በዚያው ግቢ ሰውም ከብትም የማይደርስበት ይሁን።

የብረት መፈተኛ፦ ጫፉ የሾለ ባለ 10 ፌሮ በእጅ ብቻ ወደ መሬት እንጫን። ባልተረገጠው ስፍራ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲገባ በተረገጠው 5 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆም፣ ሥርም በዚያው እንደሚቆም እንረዳለን።

የጣሳ መፈተኛ፦ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ላይና ታቹ የተቆረጠ ጣሳ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ አፈሩ እናስገባ። 450 ሚሊ ሊትር ውሃ እናፍስስበት፤ ይህ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። ይህ ሰርጎ ሲያልቅ ሁለተኛ ጊዜ ያንኑ ያህል ጨምረን በሰዓት እንለካ። በሁለቱ ስፍራዎች መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት የመደደሩን መጠን ያሳየናል።

የአካፋ መፈተኛ፦ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጓል በአካፋ አውጥተን እንመልከት። እንደ ፍርፋሪ የሚበታተን፣ የምድር ትል ያለበትና ሥር ወደ ታች የወረደበት ከሆነ ደኅና ነው። እንደ ጠፍጣፋ ንጣፍ የሚሰነጠቅ፣ ሥሩ ወደ ጎን የታጠፈ ከሆነ ደድሯል። ግራጫ ቀለምና የክርፋት ሽታ ካለው ደግሞ አየር ጨርሶ አጥቷል ማለት ነው።

ውጤቱ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ዛፍ ከኮሚቴ የአገልግሎት ዘመን ይልቅ ዕድሜው ይረዝማልና፣ የሚረከቡን ሰዎች ከምን እንደተነሣን ማወቅ አለባቸው።

4. አፈሩን የማናፈስ ሥራ

ሀ. የሣር መሬት

በዐውደ ምሕረቱ ዳርና በዛፎች መካከል ያለው ሰርዶ እየሳሳ መሬቱ ሲገለጥ ብዙዎች አዲስ ሣር ለመትከል ይቸኩላሉ። አስቀድሞ ግን መሬቱ ይከፈት። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራል። ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ውስጣዊ ስፋት ያለው የብረት ቧንቧ ጫፉ ተስሎ፣ አፈሩ የሚወጣበት ክፍተት በጎኑ ተከፍቶ፣ በእግር የሚረገጥበት አግዳሚና በእጅ የሚያዝበት እጀታ ሲበየድለት ይበቃል። ይህ መሣሪያ አፈሩን እንደ ጣት እየቆረጠ ያወጣዋል። ሹል ብረት ብቻ ብንጠቀም አፈሩን ወደ ጎን ስለሚገፋ፣ በተለይም በሸክላማ መሬት፣ የቀዳዳውን ግድግዳ መልሶ ያደድረዋል። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ግን ሹሉም ከምንም ይሻላል።

ቀዳዳው ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የወጣው አፈር እዚያው ይተው፤ ሲደርቅ ይፈረፈራል። ከዚያም በደንብ የበሰለ ኮምፖስት በአንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት በላዩ ተበትኖ በመጥረጊያ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ለ100 ካሬ ሜትር አንድ ሜትር ኩብ ኮምፖስት ይበቃል። ሣሩ እንደ ገና እስኪያገግም ድረስ ቢያንስ ለአንድ ወር፣ ቢቻል ለሁለት ወር እንዳይረገጥ ይከለል። አንዳንዶች ሸክላማ መሬትን ለማላላት አሸዋ ይጨምራሉ፤ ጥቂት አሸዋ ከሸክላ ጋር ሲቀላቀል ግን መሬቱን ይበልጥ ያጠነክረዋል። ሸክላን የሚያላላው ብስባሽ ነው።

ለ. ታላላቅ ዛፎች

በዚህ ሥራ እጅግ መጠንቀቅ ይገባናል፤ በቅንነት የተጀመረ ቁፋሮ የመቶ ዓመት ዛፍ ሊያጠፋ ይችላልና። ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ የሚገኙት በላይኛው 30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው፤ ስፋታቸውም ከቅርንጫፉ ጥላ ውጭ ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ ከዛፍ ሥር በዶማ መኮትኮት፣ ቦይ ማውጣት፣ አፈር መቁረጥ አይገባም። ለመጠንቀቂያ የሚሆን ቀላል ስሌት አለ፤ የግንዱን ውፍረት ከዳር እስከ ዳር ለክተን በ12 እናባዛ። ግንዱ 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወይራ ቢሆን በዙሪያው እስከ 6 ሜትር ድረስ ቦይ፣ መሠረትም ሆነ የአጥር ጉድጓድ አይቆፈርም።

በዚህ ክልል ውስጥ የሚፈቀደው ነጠላ ቀዳዳ ብቻ ነው። ከግንዱ ውፍረት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ርቀን፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ቀዳዳዎች በ60 ሴንቲ ሜትር ወይም በአንድ ሜትር ልዩነት እስከ ጥላው ጠርዝና ከዚያም አልፎ እናውጣ። ብረቱ ከጣት የሚወፍር ሥር ካገኘ እዚያው ይቁም፤ ቀዳዳው ተደፍኖ ሌላ ስፍራ ይፈለግ። ቀዳዳዎቹ በኮምፖስት ይሞሉ። በመጨረሻም መሬቱ በደረቅ ቅጠልና በገለባ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይጎዝጎዝ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ያለበለዚያ ቅርፊቱን ያበሰብሳል።

በመቃብር ላይ ቀዳዳ አይወጣም፤ በዚያ ጉዝጓዝ ብቻ ይበቃል። የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ የተቀበረበት ስፍራም አስቀድሞ ይጣራ። የዛፍ ማገገም ዘገምተኛ ነው፤ በአንድ ክረምት ለውጥ ካልታየ ሥራው ከንቱ ሆነ ብለን ተስፋ አንቁረጥ።

ሐ. አዲስ ችግኝ

በደደረ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ለችግኙ እንደ ማሰሮ ነው። ውሃ ያቁርበታል፤ ሥሩም ግድግዳውን መውጣት ተስኖት በውስጡ ይዞራል። ስለዚህ ጉድጓዱ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ግን እስከ አንድ ሜትር ይሁን። ቁፋሮው በሚያዝያ ወይም በግንቦት ቢከናወን አፈሩ ፀሐይና አየር ያገኛል። የላይኛው አፈር ለብቻ ይቀመጥ፤ ከኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ይመለስ። በእርጥብ ጊዜ የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳው በአካፋ ይለሰናልና ከመትከል በፊት በዶማ ይጫር። ችግኙ ሲተከል የያዘው ፕላስቲክ ይውጣ፤ አፈሩም በእጅ ተጫን ይደረግ እንጂ በእግር አይደብደብ።

መ. ጥቁር አፈር

መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ጠባዩ ልዩ ነው። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በስንጥቆቹ ራሱን በመጠኑ ያላላል፤ በክረምት ግን ውሃው አየሩን ያስወጣዋል፤ ያወጣናቸውም ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ ቀዳሚው ሥራ ትርፉን ውሃ ማስወጣት ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ አፈሩን በእጃቸው እየሳቡ ከፍ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ ውሃውም በመካከሉ ባለው ቦይ ይወርዳል። የጥቁር አፈር አጥቢያዎችም ችግኛቸውን ከፍ ባለ መደብ ላይ ቢተክሉ፣ ቦዩንም ከታላላቆቹ ዛፎች ሥር ርቆ እንዲያልፍ ቢያደርጉ ይጠቀማሉ።

5. የተናፈሰውን መጠበቅ

እስካሁን የገለጽነው ሁሉ መጠበቅ ካልተጨመረበት በአንድ ፍልሰታ ይጠፋል። የሰው ልጅ በገነት የተሰጠው አደራ ሁለት ነበር፤ ማልማትና መጠበቅ። ማልማት የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን የዓመቱ ሁሉ ሥራ ነው። ሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን እንዲወስኑ እንመክራለን።

መንገድ መወሰን፦ ሕዝቡ ከዚህ ቀደም በልማድ የሚሄድበት መስመር ተለይቶ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ይሁን። በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ በአሸዋ ላይ ቢነጠፍ ውሃ በመካከሉ ይሰርጋል። የዑደቱም መስመር እንዲሁ ይለይ። ሕዝቡን በቁጣ ከመከልከል ይልቅ መልካም መንገድ ማዘጋጀት ይበልጣል፤ ደረቅ መንገድ እያለው በጭቃ የሚሄድ የለምና።

ለክረምት በዓላት ስፍራ መመደብ፦ በሐምሌና በነሐሴ ሕዝቡ የሚቆምበት ስፍራ አስቀድሞ ይለይ፤ ከታላላቅ ዛፎች ሥር ያለው መሬት በገመድ ይከለል። የአብነት ተማሪዎች ከዛፍ ጥላ ሥር የሚማሩ ከሆነ የመቀመጫ ስፍራቸው በወፍራም ጉዝጓዝ ይሸፈን።

ከብትን ማስቀረት፦ ሣሩ እየታጨደ ይውሰድ እንጂ በግጦሽ አይበላ። የታጨደው ሣር ቢሸጥ ለጥበቃው ወጪ መደገፊያ ይሆናል።

በግንባታ ጊዜ ውል መግባት፦ ከሥራ ተቋራጩ ጋር በሚፈረመው ውል ላይ መኪና የሚያልፍበት አንድ መስመርና ዕቃ የሚራገፍበት አንድ ስፍራ በግልጽ ይጻፍ፤ ዛፎቹም ከሥራው በፊት ይታጠሩ።

ሊሾንና ንጣፍን በተመለከተ፦ በብዙ አጥቢያዎች ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ ወይም በሴራሚክ የማስነጠፍ ፍላጎት አለ። ከጭቃና ከአቧራ ለመዳን የታሰበ እንደሆነ እናውቃለን፤ የሚለግሱ ምእመናንም በቅን ልብ ነው። ነገር ግን ስሌቱን አስቀድመን እንመልከት። በ1,000 ካሬ ሜትር ንጣፍ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 10,000 ሊትር ውሃ ማለትም 200 ሊትር የሚይዝ 50 በርሜል ይሆናል። መሬቱ ክፍት ቢሆን አብዛኛውን ይጠጣው ነበር፤ ንጣፍ ሲሆን ግን ወደ ሕንጻው መሠረት፣ ወደ አጥሩ ወይም ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ከንጣፉ በታች ያለው ሥርም ውሃና አየር ያጣል። ልጋሱ ከመጣ ለመንገዱና ለዐውደ ምሕረቱ ይዋል፤ ንጣፉም ክፍተት ያለው ይሁን። ከዛፉ ጥላ ሥር ያለው ግን በምንም ምክንያት አይደፈን። ይህን ለለጋሾች ማስረዳት የካህናትና የኮሚቴው ድርሻ ነው።

6. የዓመቱ የሥራ ቅደም ተከተል

ጥርና የካቲት፦ የግቢው ንድፍ ይሣላል፤ የሚረገጡና የማይረገጡ ስፍራዎች ይለያሉ፤ መሣሪያው ይሠራል።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ በልግ በሚዘንብባቸው አካባቢዎች መፈተኛዎቹ ይደረጋሉ፤ የችግኝ ጉድጓድ ይቆፈራል።

ሰኔ፦ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች፣ መሬቱ ሳይጨቀይ፣ ሣሩ ይናፈሳል።

ሐምሌና ነሐሴ፦ ችግኝ ይተከላል። ጭቃ ላይ መቆፈር ከመርገጥ አይተናነስምና ሌላ የአፈር ሥራ አይሠራም፤ የመንገድና የክልል ጥበቃው ይጠብቃል።

ከመስቀል በዓል እስከ ጥቅምት አጋማሽ፦ ዝናቡ ሲቆም አፈሩ እርጥበቱን እንደያዘ የዛፎቹ ቀዳዳ ይወጣል፤ በክረምት የተጎዳው ሣር ዳግመኛ ይናፈሳል፤ ፈተናውም በቀደሙት ስፍራዎች ተደግሞ ውጤቱ ይነጻጸራል።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ የወደቀው ቅጠል ይሰበሰባል፤ ጉዝጓዝ ይደረጋል፤ ትርፉ ለኮምፖስት ይከመራል። እንደ አካባቢው ሙቀት ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይበስላል።

ይህ ሁሉ በምእመናንም ቤት ሊሠራ የሚችል ነው። ልጆች የሚጫወቱበት፣ መኪና የሚቆምበት፣ ልብስ የሚሰጣበት የግቢ ሣር በአንድ ቧንቧና በጥቂት ኮምፖስት ሊያገግም ይችላል። ካህናት በዐጸዱ የተሠራውን እያሳዩ ቢያስተምሩ ትምህርቱ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ይሄዳል።

7. የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአጥቢያችን ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተተከሉት ችግኞች ስንቱ ተርፏል? የተረፉትና የደረቁት የተተከሉበት መሬት በምን ይለያል?

ለ. በዐጸዳችን ካሉት ታላላቅ ዛፎች ከጫፋቸው መድረቅ የጀመሩ አሉን? ከሥራቸው ያለው መሬት ምን ይመስላል?

ሐ. በፍልሰታ ሕዝቡ የሚቆምበትን ስፍራ ሳናጨናንቅ ዛፎቹን መከለል የምንችለው እንዴት ነው?

መ. ለግቢ ንጣፍ የታሰበ ልጋስ ካለ ለዛፎቹ የሚጠቅም አድርገን እንዴት ልንጠቀምበት እንችላለን?

ሠ. ይህን ሥራ በኃላፊነት ይዞ በየዓመቱ ለጉባኤው ሪፖርት የሚያቀርበው ማን ይሁን?

ማጠቃለያ

በአገራችን ብዙ ስፍራዎች ዙሪያው ሁሉ ሲራቆት የጥዱ፣ የወይራው፣ የዝግባውና የዋንዛው ዘር የተረፈው በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን ሀብት ያቆዩልን አባቶች በመጥረቢያ እንዳይነካ ጠብቀውታል። በእኛ ዘመን ግን አደጋው መጥረቢያ ብቻ አይደለም፤ ሳናስበው ከእግራችን ሥር የምናደድረው መሬትም ጭምር ነው። ዛፉ ቆሞ እያየነው ሥሩ ሊታፈን ይችላል። መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ቧንቧ፣ ጥቂት ብስባሽ፣ የተወሰነ መንገድና የማይሰለች ጥበቃ ይበቃል። በዚህ ዓመት እያንዳንዱ አጥቢያ ከአንድ ታላቅ ዛፍ ሥር ቢጀምር፣ የሠራውንም በቃለ ጉባኤ መዝግቦ ለሚቀጥለው ቢያስረክብ፣ ልጆቻችን ከዚያው ጥላ ሥር ይቆማሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።